ስምንት መቶ እርምጃ

ጋሽ እርምጃ እናታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም አላቸው፤ ያንን ስም የሚያውቁት ግን መታወቂያቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። የሚሠሩበት ድርጅት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን፣ አንድ የመስክ መኪናና ሦስት ክፍል ቢሮ አለው። አውሮፕላኗ ዝናብ ሲመጣ መንገዳቸው ወደሚቆረጥ መንደሮች መድኃኒት ታደርሳለች፣ ስትመለስ በሽተኛ ታመጣለች። አውሮፕላን ደግሞ እንደ ቁራ ባገኘበት አያርፍም፤ ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳውን ለሠላሳ ዓመት ሲያዘጋጁ የኖሩት ጋሽ እርምጃ ናቸው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ አሥራ ዘጠኙን ሜዳ በመኪና ይዞራሉ። ጉድጓዱን ይደፍናሉ፣ ኩይሳውን ይንዳሉ፣ ጎርፍ የወሰደውን ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ እንደገና ይደረድራሉ። ከወዲህኛው ጫፍ ይነሡና ስምንት መቶ እርምጃ ሄደው በወዲያኛው ጫፍ ሌላውን ረድፍ ያኖራሉ። በቀኝ ኪሳቸው ስምንት ጠጠር ይዘው በየመቶው እርምጃ አንዷን ወደ ግራ ኪስ ያሻግራሉ። የእሳቸው አንድ እርምጃ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ናት፤ ስምንት መቶው ስድስት መቶ አርባ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላኗ ጭነት ይዛ እርጥብ ሣር ላይ ለማረፍ ስድስት መቶ ትፈልጋለች። አርባው ምርቃት ነው።

ሰማንያዋም ዝም ብላ በአፍ የተነገረች አይደለችም። ገና ጎልማሳ ሳሉ አንድ የመንገድ ቀያሽ በብረት ሜትሩ ሊያሳፍራቸው አስቦ አንድ ሜዳ ሙሉ ተከትሎ ለክቷቸው ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሜትር ሆነ። ቀያሹ ሜትሩን ጠቅልሎ፣ «አንተ ሰው፣ እግርህን ለቢሮው አስረክበህ ሂድ» አላቸው። ስማቸው የወጣው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእርምጃቸው የተከራከራቸው ሰው የለም። በሜዳዎቹ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችም ድንጋዩን እንደ ወሰን አክብረው ያርሳሉ፤ እስከ ድንጋዩ ድረስ ያርሳሉ፣ ድንጋዩን አያልፉም።

ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት ከመኪናው ሲወርዱ የቀኝ ጉልበታቸው ቀጭ አለ። እንደማንኛውም ኩሩ ሰው ለማንም አልተናገሩም። ቢሮ ሲገቡ ቀጥ ብለው ይገባሉ፣ ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ቅባት ታሽላቸዋለች። «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብትላቸው፣ «ጡረታ ሊጽፍልኝ?» ይሏታል። እሷም ስትሰለች ተወቻቸው፤ ቅባቱን ብቻ አላቋረጠችም።

የአውሮፕላኗ አብራሪ ልጃቸው ናት፤ አንድያ ልጃቸው። ድርጅቱ ከእሷ ሌላ አብራሪ የለውም። በሕፃንነቷ ከአባቷ ጋር በመስክ መኪናው ስትዞር፣ ሁሉም ልጅ ወደ ላይ እያየ እጁን ሲያውለበልብ እሷ ግን አውሮፕላኗ ካረፈች በኋላ ጎማዋን እየዞረች ታይ ነበር። እናቷ እስከ ዛሬ «እግሯ ምድር የሚረግጥበትን ቀን ያሳየኝ» እያለች ትጸልያለች። አባቷ ግን ድንጋዩን እሳቸው እየደረደሩ፣ እሷ ድንጋዩ መካከል ስታርፍ ሲያዩ ደረታቸው ይነፋል። ይህን ደስታ ለማንም አይናገሩትም፤ ግን ከፊታቸው ላይ ማንም ያነበዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ይህ ደስታ ተበላሸ። ልጅቱ ሦስተኛው ሜዳ በሚባለው ቦታ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ልታመጣ ሄዳ፣ ስታርፍ አውሮፕላኗ ነጩን ድንጋይ አልፋ የታረሰው መሬት ውስጥ ገባች። ሰው አልተጎዳም፣ አውሮፕላኗም ከጭቃ በቀር ምንም አልነካትም። ሴትዮዋም ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ልጅቱ ግን ለቢሮ በጻፈችው ሪፖርት ጥፋቱን በሙሉ በራሷ ላይ ጫነችው።

«አባዬ፣ እጄ ከድቶኛል» አለች፣ ቤት መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። «አንድ ቀን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩ እየቀረበኝ መጣ። መጀመሪያ ሃምሳ ሜትር ሲቀረኝ እቆም ነበር፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ አሥር።»

«ድንጋይ እግር የለውም፤ አይቀርብም» አሉ ጋሽ እርምጃ። «አዘግይተሽ እያሳረፍሽ ነው። ልብሽን ሰብስቢ።»

ክፋት አስበው አይደለም፤ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። በሳምንቱ ከበረራ ለቅቃ ቢሮ እንድትቀመጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠች። ሥራ አስኪያጁ በሰው አይጨክንም፤ ሁለት ሳምንት አስቢበት አላት። ሁለቱ ሳምንት ሰኞ በአሥር ሰዓት ያልቃል ተባለ።

በዚሁ መካከል ቢሮው ጂፒኤስ የሚባል ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ ገዛ። ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ መስታወቱን በጣት ሲነኩት ይታዘዛል። አውሮፕላን ላይ ሲሆን ከመሪው ጋር ይታሰርና በሰማይ ቀጥታውን መስመር ያሳያል። መኪና ላይ ሲሆን ከፊት መስታወት ላይ ይለጠፍና መታጠፊያውን በየተራ ይናገራል። አንዱ ዕቃ ለሁለቱም ይሠራል፤ የሚሄድበትን የሚያውቀው ግን ሰው ከነገረው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሜዳዎቹ ሁሉ በዚህ እንዲመዘገቡ አዘዘ፣ ከሦስተኛው ሜዳ ይጀመር አለ።

«ሠላሳ ዓመት የነዳሁትን መንገድ ትናንት ከካርቶን የወጣ ዕቃ ሊያሳየኝ?» አሉ ጋሽ እርምጃ። «ከእጅ አይሻል ዶማ!»

«መንገዱን አይደለም አባዬ» አለች ልጃቸው በደከመ ድምፅ። «ሜዳው ጫፍ ላይ ቆመህ መስታወቱ ላይ ያለችውን ይህችን ባንዲራ ትነካለህ። ወዲያኛው ጫፍ ደርሰህ እንደገና ትነካለህ። በቃ፣ መካከሉን እሱ ይነግርሃል።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጋሽ እርምጃ ብቻቸውን ተነሡ። ልጅቱ በዋዜማው መሣሪያውን አውሮፕላኗ ላይ ሞክራው ስለነበር የአውሮፕላኑን አሠራር ወደ መኪና ሳትቀይር ሰጥታቸዋለች። ከከተማ እንደወጡ የመሣሪያው መስታወት በሙሉ ቀላ፤ ዕቃውም «መሬት ቀርቧል! መሬት ቀርቧል!» እያለ ይጮህ ጀመር።

«ታዲያ የት ልሂድልህ?» አሉት። «መኪና እኮ ነኝ!»

ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ድልድዩን ትቶ በውኃው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረላቸው። ጋሽ እርምጃ መኪናውን አቁመው መስታወቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ በሥራ የደደረውን ጣታቸውን ዕቃው ጣት ነው ብሎ አልተቀበለውም። በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ እፍ አሉበት፣ በመጨረሻ ጥግ ላይ ያለችውን የመኪና ሥዕል በትንሿ ጣታቸው ቢነኩት እሺ አለ። ወዲያው በለሰለሰ ድምፅ ወደ ድልድዩ እንዲታጠፉ ለመናቸው። «ስትመከርማ ጨዋ ነህ» አሉትና ነዱ።

ሦስተኛው ሜዳ ሲደርሱ ገና ጠዋት ነበር። ማንም የለም፤ ጤዛ ብቻ ነው። ወዲህኛው ድንጋይ ላይ ቆመው ባንዲራዋን ነኩ። ከዚያ መሣሪያውን ደረት ኪሳቸው ከትተው ጠጠራቸውን እያሻገሩ ተራመዱ። ስምንት መቶኛዋ እርምጃ በመጨረሻው ዙር ካስቀመጡት ድንጋይ አጠገብ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳታጎድል አቆመቻቸው። ፈገግ አሉ። ባንዲራዋን ነኩ።

መሣሪያው አምስት መቶ ስልሳ አንድ ሜትር አለ።

«ውሸታም» አሉት። ተመልሰው እንደገና ተራመዱ፤ እንደገና ስምንት መቶ፣ እንደገና አምስት መቶ ስልሳ አንድ። በሦስተኛው ጊዜ ፈገግታቸው ጠፍቶ ነበር። መኪናው ውስጥ የመጎተቻ ገመድ አለ፤ ልክ አሥር ሜትር ነው፣ ሲገዛ ራሳቸው አስለክተውታል። ዕቃውን በገመድ ሊያጋልጡት ወሰኑ። ገመዱን እየዘረጉ፣ ጫፉ ላይ ጠጠር እያኖሩ፣ እየተነሡ እንደገና እየተንበረከኩ ሄዱ። ጉልበታቸው በአሥረኛው ላይ መጮህ ጀመረ፣ በሠላሳኛው ላይ እሳቸው ራሳቸው ጮኹ። ሃምሳ ስድስት ጊዜ ዘረጉት። ከሃምሳ ስድስተኛው በኋላ ድንጋዩ አንድ ሜትር ብቻ ራቅ ብሎ ቁጭ ብሏል።

ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ግልጽ መሆኑ ነው የከፋው። ጉልበታቸው በታመመበት አራት ዓመት እርምጃቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲያጥር ቆይቷል። እርምጃው ባጠረ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ውስጥ ገባ፣ ድንጋዩ በገባ ቁጥር ገበሬው ተከትሎ አረሰ። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ ስምንት መቶ ነበር፤ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተጻፈውም ሁልጊዜ ስድስት መቶ አርባ ነበር። ልጃቸው አላዘገየችም። ድንጋዩ እግር ነበረው፤ የእሳቸው እግር።

ጋሽ እርምጃ መልአክ አይደሉም፤ እዚያው ተቀምጠው ሌላም ነገር አሰቡ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ከገበሬዎቹ ጋር ተነጋግረው ድንጋዩን በመሣሪያው ልክ ወደ ኋላ ቢመልሱ ማን ያውቃል? ሌሎቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ ያስተካክላሉ። ስማቸው ይተርፋል። ልጅቱም በአሥር ሰዓት ቢሮ ወንበር ይሰጣታል፣ እናቷ የለመነችው ይሞላላታል፣ እሳቸውም ደመና ባዩ ቁጥር መጨነቅ ይቀርላቸዋል። ማንም የማይጎዳበት መንገድ ይመስል ነበር። ግን ያቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ «እጄ ከድቶኛል» ብላ ስትኖር ታየቻቸው። በአባቷ ጉልበት የራሷን እጅ ስትጠላ። ድንጋዩን ሳይነኩ ተነሥተው መኪና ውስጥ ገቡ።

ቢሮ ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ልጅቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አገኟቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስለ ልጅዎ ነው የምናወራው።»

«ቆሜ ልናገር። ከተቀመጥኩ አልናገረውም።» መሣሪያውን ደብዳቤው ላይ አኖሩት። «ሦስተኛው ሜዳ አምስት መቶ ስልሳ አንድ ሜትር ነው። በገመድም ለክቼዋለሁ። አውቄ አልዋሸሁም፤ ጉልበቴን ግን አውቄ ደብቄያለሁ፣ አራት ዓመት ሆነኝ። አሥራ ዘጠኙንም ሜዳ የለካሁት በዚህ እግር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ ሄደና ከአሥራ ዘጠኙ ሜዳ አጠገብ የተጻፈውን ርዝመት አንድ በአንድ አጠፋ። ሁሉም ሜዳ እስኪለካ አውሮፕላኗ የትም አታርፍም አለ።

ልጅቱ ዓይኗን ከመሣሪያው አላነሣችም። በከንፈሯ ትደምር ነበር።

«ያን ቀን ከመጀመሪያው ድንጋይ አምስት መቶ ሰባ ላይ ነው የቆምኩት» አለች። «ስድስት መቶ አርባ ቢሆን ኖሮ ሰባ ሜትር ይተርፈኝ ነበር።»

«ይተርፍሽ ነበር።»

«አላዘገየሁም።»

«አላዘገየሽም፣ የኔ ልጅ።»

«ድንጋይ እግር የለውም ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን ስረግም ነው የከረምኩት፣ አባዬ!» ድምፅዋ እስከ ደጅ ተሰማ።

«እንግዲህ እኔን ርገሚ» አሉ። «ይገባኛል።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። «አንተን መርገም አልችልም» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ጋሽ እርምጃ ሊያቅፏት አስበው፣ መብቱ ያላቸው ስላልመሰላቸው እንደቆሙ ቀሩ።

ስትጨርስ ፊቷን ጠረገች፣ ደብዳቤዋን ከመሣሪያው ሥር መዝዛ ቀደደችው፣ መሣሪያውን አነሣች። «ነገ ከሦስተኛው እንጀምራለን» አለችው ሥራ አስኪያጁን። «የምለካው እኔ ነኝ።» አባቷን ሳትጠብቅ ወጣች። እስከ መኪናው ድረስ ከኋላዋ እያነከሱ፣ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያየ እያነከሱ፣ ተከተሏት።

እንደልማዳቸው በሾፌሩ በኩል ሊገቡ ሲሉ እጇን ዘረጋችላቸው።

«ቁልፉን» አለች።

ሰጧት። እሷም ዞራ የወዲያኛውን በር ከፈተችላቸው፣ እስኪገቡ ድረስ ክንዳቸውን ያዘች፣ ከዚያ ቀስ ብላ በሩን ዘጋችው።