ጠረጴዛው ላይ ያልተገኘው መጽሔት

አሰለፈች ኃይለየሱስን ወገቧን የቆረጣት መጽሐፍ ነው። ሌላው ሰው እንስራ አዝሎ፣ ጆንያ ተሸክሞ ወገቡ ይቆረጣል፤ እሷ ግን ከናዝሬት ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የእርሻ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሌሎች አንብበው የተዉትን ስታነሳና ስትደረድር ነው ያለቀችው። ሥራዋን ግን ትወደው ነበር። እንዲያውም ከልክ በላይ ነው የምትወደው፤ ሐዘኗም የመጣው ከዚያው ነው።

ከሁሉ አብልጣ የምትሳሳለት የመጽሔቶቹን ክፍል ነው። መጽሔት ስላችሁ ፀጉር ቤት ተቀምጠው የሚያገላብጡት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ተመራማሪዎች አዲስ ያገኙትን ነገር የሚያሳውቁባቸው ናቸው፤ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድ፣ ከአሜሪካ በመርከብ ተጭነው፣ ወራት ፈጅተው ይደርሳሉ። ዋጋቸው ደግሞ አይጣል ነው! በብር ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ በዶላርና በፓውንድ ነው የሚከፈለው። ያንን ምንዛሪ ለማስፈቀድ ኮሌጁ በየዓመቱ ደጅ ይጠና ነበር።

ከመምህራኑ ሁሉ ያንን ክፍል የሚያዘወትረው ጆቴ መርዳሳ ነው። የውሃና የአፈር መምህር ነው፣ የቡልቡላ ልጅ። ፈገግ ሲል ጥርሱ ቡናማ ነው፤ የአገሩ የጉድጓድ ውሃ ያወረሰው ነው። በውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር በዝቶ ነው አሉ። ጥርስ አበላሽቶ ቢተው በማን ዕድል! ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ሰው ያጎብጣል። የጆቴ አባት ቀና ብለው ሰማይ ማየት ተስኗቸው ነው የሞቱት። ጆቴም ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያለው፤ ያንን ውሃ ማጣሪያ ዘዴ፣ ድሃ በቤቱ ሊሠራው የሚችል፣ ከየትም ብሎ ማግኘት።

ከሰዓት በኋላ ይመጣና «አካም ኦልተን፣ እትዬ?» እያለ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ ይላታል። እሷም ደህና ለማለት ከሱው በለመደችው «ነጋ፣ ነጋ፣ ግባ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ልጅ አልወለደችም፤ ቢኖረኝ ኖሮ እንዲህ ያለ ነበር የምፈልገው እያለች ለጎረቤት ታወራለች። መስኮቱ ጥግ ሄዶ ይቀመጣል፣ እስኪዘጋ ያነባል፣ «ደህና ያምሹ» ብሏት ይወጣል። የየቀኑ ነገር ነው።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን የኮሌጁ ዲን ጓድ ገብረወልድ አስጠሯት።

«ወይዘሮ አሰለፈች፣ ምንዛሪው በግማሽ ተቀንሷል» አሏት። «የአንዱ መጽሔት የዓመት ዋጋ የትራክተር ጎማ ይገዛል። የማይነበበውን እንቁረጥ።»

«የማይነበበውን በምን ልወቀው ጌታዬ?»

ዘዴው በስብሰባ ተገኝቷል ለካ። አንባቢ ሁሉ ያነበበውን መጽሔት ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል፤ እሷ ማምሻውን ጠረጴዛ ላይ የተገኘውን እየመዘገበች ትመልሳለች። ጠረጴዛ ላይ ያልተገኘ፣ ማንም አያነበውም ማለት ነው። በቃ። አሰለፈችም በቀይ ቀለም ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ «ያነበቡትን መጽሔት ወደ መደርደሪያ አይመልሱ፤ ጠረጴዛው ላይ ይተዉት።»

ወዲያው መምህራኑ ይሽቆጠቆጡላት ጀመር። አንዱ በጎን መጥቶ «የኔን እንኳ ዝም ብለሽ መዝግቢልኝ» ሲላት፣ «እኔ የማየው ጠረጴዛውን ነው፣ የሰው ፊት አላይም!» ብላ ኩም አደረገችው። ሐቀኛ ነኝ ብላ ደረቷን ነፍታ ነበር የሰነበተችው። አይ አሰለፈች!

ጆቴ ግን ምንም አልጠየቃት። እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። ያን ሰሞን ደግሞ ወገቧ ብሶባት ነጠላዋን ጠፍራ አስራ ነው የምትሠራው። ማምሻውን ወደ ክፍሉ ስትገባ ጠረጴዛው ሁሉ ተከምሯል፤ የጆቴ የመስኮቱ ጥግ ብቻ ጥርግ ብሎ ይጠብቃታል። «ተባረክ! ጨዋ ያሳደገው» ትላለች በሆዷ። የተከመረውን አነሳች፣ መዘገበች፣ ደከማት። ጥርግ ያለ ጠረጴዛ ምን ማለት እንደሆነ አላሰበችም። ጠረጴዛ ላይ ያልተገኙት ዝርዝር ተጽፎ ለዲኑ ደረሰ፣ ከዲኑ ወደ ላይ ሄደ።

አስቀድሞ የተከፈለበት ዓመት መጽሔት ገና በመርከብ እየመጣ ስለነበር ለወራት ማንም ምንም አላወቀም። የዓመቱ መጨረሻ እትም በደረሰ በሳምንቱ ጆቴ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም።

«እትዬ! አጥንት ነው ለካ! የተቃጠለ የከብት አጥንት!»

አስረዳት። አጥንቱ ይከሰላል፣ ይደቅቃል፣ በርሜል ውስጥ ይሞላል፤ ውሃው በሱ ውስጥ ሲያልፍ መርዙ እዚያው ይቀራል። የተቀረው፣ አጥንቱ እስከ መቼ እንደሚያጣራና መቼ መለወጥ እንዳለበት፣ በሚቀጥለው እትም ይወጣል ተብሏል። ጆቴ ግን ማን ይጠብቃል! ቡልቡላ አጠገብ ላለችው እህቱ ለሆራ በርሜሉን በገዛ እጁ ሠራላት። ሆራ አራስ ነበረች፤ ሕፃኗ ዘርፉ ትባላለች። ከዚያ በፊት የወንዝ ውሃ ከሩቅ በአህያ ነበር የምታስመጣው፤ ደጃፏ ላይ ያለውን ጉድጓድ ፈርታው። በርሜሉ ከቆመ በኋላ ግን ወንድሜ ሽጪ ካለ ምን ቸገረኝ ብላ አህያዋን ሸጠች፣ ከጉድጓዱ መቅዳት ጀመረች።

ሚያዝያ ላይ ጆቴ «የሚቀጥለው እትም አልመጣም እንዴ እትዬ?» አላት።

«መርከቡ ዘግይቶ ይሆናል» ብላው ዝርዝሩን አወጣች። የጆቴን መጽሔት የተቆረጡት ውስጥ አየችው። በራሷ እጅ፣ በራሷ ጽሕፈት። እንዴት ይሆናል? ይኼ ሰው በየቀኑ እያነበበው! ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች። ጆቴ ያንኑ የመጨረሻ እትም አንብቦ ጨርሷል፤ ተነሣና መደርደሪያው ላይ፣ ቦታው ላይ፣ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠው።

«ምነው ጠረጴዛው ላይ አትተወውም?» አለችው።

«ወገብዎን ያምዎት የለ እንዴ?»

«ማስታወቂያውን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። እሱ ለሌላው ነው ብዬ እኮ ነው። እኔ እንኳን ላሳርፍዎ እንጂ!» ብሎ ሳቀ፣ በዚያ ቡናማ ጥርሱ።

ያን ዕለት ልንገረው ብላ ነበር፤ አፏ እንቢ አላት። እንዴት ብላ? ስላዘንክልኝ ነው የተቆረጠብህ ትበለው? ደጋግማ ዲኑ ዘንድ ሄደች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። «ምንዛሪው ተመድቧል፣ አልቋል። ደግሞስ አይነበብም ብለሽ የጻፍሽው አንቺው አይደለሽም?» አሏት። እውነታቸውን ነው። ሲጨንቃት ለጆቴ መቋረጡን ብቻ ነገረችው፤ ማን እንዳስቆረጠው ግን አልወጣትም። እሱ መጽሔቱን ፍለጋ አዲስ አበባ ወጣ፣ እዚያም ምንዛሪ ጠፍቶ ተቋርጧል። ጽሑፉን ለጻፈው ሰው ደብዳቤ ላከ፤ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም፣ መልስ አልመጣም። ውሃውን ልመርምር ቢል የመመርመሪያው መድኃኒትም በዶላር ነው። ቢቸግረው በግምት፣ በየዓመቱ ከአዝመራ በኋላ፣ አጥንቱን እየለወጠ ኖረ።

ዘርፉ ደህና ስትድህ ከርማ ስትራመድ ጉልበቶቿ ይጋጩ ጀመር። በስድስት ዓመቷ ጆቴ ወደ ናዝሬት ለሐኪም አመጣትና በመንገዱ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ አለ። «እትዬን ሳሚያት» አላት። ልጅቷ ከበሩ እስከ አሰለፈች ወንበር ለመድረስ ያየችው አበሳ! እግሮቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ በየእርምጃው ግድግዳ እየያዘች መጣች። አሰለፈች ሳመቻት፣ ከረሜላ ሰጠቻት፣ ከወጡ በኋላ በሩን ቆልፋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሐኪሙም አጥንት አንዴ ከታጠፈ ወዲያ የሚደረግ ነገር የለም አለ።

በሰማንያ ሁለት ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የጣላቸውን አሮጌ መጽሔቶች በሳጥን አድርጎ ለኮሌጁ ለገሰ። ወይ ነዶ! እነሱ ጋ ቦታ አጣበበ ተብሎ የተጣለ ነው። አሰለፈች እያራገፈች ስትደረድር ያንን ሳይመጣ የቀረውን እትም አገኘችው። ደብቂው፣ አቃጥይው የሚል ሐሳብ አልመጣባትም አልልም። ግን አስጠራችው።

ጆቴ መስኮቱ ጥግ ቆሞ አነበበው። አጥንቱ የሚያጣራው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ከነመርዙ ይወጣል። ይኼው ነው፣ አንዲት አጭር አንቀጽ ናት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለጥቂት ወራት» አለ። «የቀረውን ጊዜ ዘርፉን የጉድጓዱን ውሃ ነው ያጠጣኋት። ሆራን እኮ እኔ ነኝ አህያሽን ሽጪ ያልኳት።» ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ማነው ግን እትዬ? ይኼን መጽሔት ማንም አያነበውም ብሎ ያስቆረጠው ማነው? ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንተ ጠረጴዛው ላይ ስላልተውከው ነው፤ ወገቤን እንዳያመኝ ስትል። ይህን ሰምቶ እንዴት አድሮ ይነሣል? ዘርፉን እንዴት ቀና ብሎ ያያታል? ዋጠችው።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ። የቆጠርኩትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ እዚህ ተቀምጬ ሳነበው እያዩኝ?»

«እያየሁህ።»

ጆቴ ተነሣ። አጠገቧ ሲያልፍ አላያትም፣ በሩ ላይ ሲደርስም «ደህና ያምሹ» አላላትም። መጽሔቱን በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደተገለጠ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

አሰለፈች ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና አነሳችው።