ስም ያልተጻፈላት ብረት ለበስ

ጉለሌ፣ አንድ የጦር ካምፕ ግቢ ውስጥ በነበረች ትንሽ ሙዚየም ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ሻምበል የጥጥ ጓንት፣ ብሩሽና አንድ ብልቃጥ ቀለም ሰጡኝ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የዕቃዎቹን መግለጫ ካርድ እንድጽፍ ተመደብኩ።

«የምነግርህን ብቻ ትጽፋለህ» አሉኝ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የምወዳት ክንድ የማትሞላ ብረት ለበስ መኪና ነበረች። ከጥይት ቀለህ የተሠራች ናት። ጎማዎቿ ይሽከረከራሉ፣ መድፏ ይዞራል፣ በሯ ሲከፈት የሾፌሩ ወንበር ሳይቀር ይታያል። እንደሷ ያለች ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። መዝገቡ ላይ የሠሪው ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ካርዷ ላይ «የብረት ለበስ አምሳያ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ የቁስቋም ሴት መስታወቱ ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይህችን የሠራት ባለቤቴ ነው» አሉኝ። «የካምፑ መካኒክ ነበር። እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስ ቆይቼ አንድ ቀን ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አሉኝ። ሬሳውን አልሰጡኝም። ማልቀስም ከለከሉኝ። ስሙን ጻፍልኝ ልጄ፤ መጥቼ የማየው ይኑረኝ።»

ስሙን ከነማዕረጉ ነገሩኝ።

ሻምበሉን ፈቃድ ጠየቅኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ያንተንም ከሥሩ እንጻፈው?» አሉ። የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። ወጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ወይዘሮ ዘነበች በየቅዳሜው እየመጡ «ገና ነው?» ይሉኛል።

«ገና ነው እማማ።»

ከዚያ የውጭ አገር እንግዶች መጡና መኪናዋ በስጦታ እንድትሰጥ ታዘዘ። በጥጥ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሴትየዋ ባዶውን ቦታ ሲያዩ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

«ለጥገና ሄዳለች» አልኳቸው።

«ተጠገነች?» እያሉ ብዙ ተመላለሱ። በኋላ ቀሩ።

ደርግ ሲወድቅ መዝገቡን ፈለግኩ፤ ከቢሮው ወረቀት ጋር ተቃጥሏል። ቁስቋም ወጥቼ ቤታቸውን ጠየቅኩ።

«ዐርፈዋል» አለችኝ ጎረቤታቸው። «መኪናዋ ተጠግና ትመለሳለች እንዳሉ ነው የሞቱት።»

የባልየውን ስም ጠየቅኳት። አታውቅም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው፣ ዕቃ ስትረከቡ የሠሪውን ስም ጻፉ። ካርድ ላይ ከተከለከላችሁ በራሳችሁ ደብተር ጻፉት። እኔ አልጻፍኩም። ዛሬ ከነገሩኝ ውስጥ የማስታውሰው «አሥር አለቃ» የሚለውን ብቻ ነው።