የክላይቭ ኦስቲን መሪ

ቬርና ናንኪቬል ካዲና ከተማ በሚገኝ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆማለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገባው ገበሬ ሁሉ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያየ «ሰውየው የለም?» ይላት ነበር። እሷም «ምሳ ወጥቷል፤ እስኪመለስ ለእኔ ንገረኝ» ትላለች። ሰውየው የሚባል ኖሮ አያውቅም። ገበሬው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ነገሩ የሚገባው አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሱቁ ሲዘጋ ማንም ያልፈለጋቸውን የድሮ ዕቃ መሳቢያዎች ገዝታ ጎረቤት ከተማ ሙንታ ካለው ቤቷ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው መጋዘን አስገባቻቸው። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሲቸግረው ወደዚያ መጋዘን ነው የሚመጣው።

የግንቦቱ የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ አራት ቀን ሲቀረው ክላይቭ ፔንጊሊ መጣ። የገብስ ገበሬ ነው፤ ሰባ ዓመቱ። ኦስቲን መኪናውን አባቱ ናቸው አዲስ የገዟት፤ ሰልፉ ከተጀመረ ወዲህ ያልተገኘችበት ዓመት የለም። ዘንድሮ ግን ሰልፉን የሚያዘጋጀው ማኅበር ተቆጣጣሪ ኪት ሮዳ የፊት ጎማዋን ይዞ ሲወዘውዝ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማ። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እሑድ አትወጣም» አለ።

«የመሪው ዘንግ ጫፎች አልቀዋል» አለ ክላይቭ፣ አንድ ሳጥን እየዘረጋላት። «አዲሶቹን ከትልቁ ከተማ፣ ከአደላይድ አስመጥቻለሁ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግጠሚልኝና ልሂድ።»

ቬርና መኪናዋን በክሪክ አነሳች። የጎማው ክንድ ከዘንጉ የሚገናኝበትን ቦታ በሁለት መዶሻ ግራና ቀኝ ስትመታው የተቀረቀረው ጫፍ ዘሎ ወጣ። ከዘንጉ ላይ ስትፈታው ዙሩን ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ተኩል። ፓራፋንጎው ላይ በጠመኔ ጻፈችው። ከዚያ አሮጌውን በአንድ እጇ፣ አዲሱን በሌላው ይዛ በጣቷ እየዳሰሰች ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ሆንሽ፣ ጸሎት ነው?»

«ዝም በል እስቲ።»

የት እንደሚነካ ለማየት የአዲሱን ጫፍ ሾጣጣ እግር ሰማያዊ ቀለም ቀባችው። የክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከትታ ትንሽ አዞረችና አወጣችው። ቀለሙ የተፋቀው ከላይ፣ እንደ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ነበር። የቀረው እንደተቀባ ነው።

«አናቱ ላይ ብቻ ነው የያዘው። ይሄ የዚህ መኪና አይደለም።»

«ገብቷል እኮ!»

«መግባትማ ይገባል። የእኔም እግር በሟቹ ባሌ ጫማ ይገባ ነበር፤ ሮጬበት ግን አላውቅም። ይሄ እየተወዛወዘ አንድ ቀን ይሰበራል። ያን ቀን አንተ ወደ ግራ ትላለህ፣ ጎማው ወደፈለገበት ይሄዳል።»

ክላይቭ ፊቱ ቀላ። «ስሚ ቬርና፣ የሞዴሉ ቁጥር ሳጥኑ ላይ አለ፤ የመኪናዋም የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ አለ። ሁለቱ ይስማማሉ። ያልተስማማው ያንቺ ጣት ብቻ ነው። ይቺ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። አንድ ቡሎን አልተቀየረባትም፤ አገር ያውቃል።»

አገር በእርግጥ ያውቃል፤ በየሰልፉ የሚናገረው እሱ ራሱ ነዋ። ቬርና እጇን በጨርቅ ጠረገች። እዚህ አገር መኪና ይዞ ያረጀ ሰው አንድ የሚደብቀው ግጭት እንዳለው ከባንኮኒው ኋላ ሆና ተምራለች።

«አባትህ ካንጋሮ ገጭተው አያውቁም?»

ክላይቭ ባርኔጣውን አወለቀ። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ» አለ፣ «ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ትልቅ ወንድ ካንጋሮ። አባቴ ሁለት ቀን መጋዘን ገብተው ዘጉ፤ በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን በመኪናዋ ሄድን።»

«በምን ጠገኗት?»

«እኔ እንጃ። የአጎቴ የተበላሸ የኦስቲን ፒክአፕ ነበር፣ ከበረቱ ጀርባ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አለ። ምን ጥለን እናውቃለን?»

በቬርና መኪና ወደ ክላይቭ እርሻ ሄዱ። ፒክአፑ በቁጥቋጦ ተውጦ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቷል። ቬርና በደረቷ ተኝታ ከሥሩ ገባች፤ በስልሳ ሰባት ዓመቷ። የጎማዎቹ ክንዶች ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ ባዶ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ፤ በሁለቱም በኩል።

«ክንዶቹ ያንተ መኪና ላይ ናቸው» አለች ከታች። «የፒክአፕ ክንድ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ጭነት ተሸካሚ ነዋ። ሰሌዳህ ይሄን ከየት ያውቃል?»

ክላይቭ የዛገው መከላከያ ላይ ተቀመጠ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ስዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው።»

«አልዋሸህም፤ አላወቅህም። የምትዋሸው ከዛሬ ወዲያ ነው።» ልብሷን አራገፈች። «ደግሞ ስማ፤ አባትህ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ጋራዥ የገጠሙት ሥራ ስልሳ ዓመት አልተፈታም። እኔ ብሆን የምኮራው በዚህ ነው።»

ወደ መጋዘኗ ሲመለሱ የፒክአፑን መለዋወጫ ሳታገላብጥ ነው ያገኘችው፤ ከታች በሦስተኛው መሳቢያ፣ በሰም ወረቀት እንደተጠቀለለ። ሰማያዊውን ቀብታ ከትታ ስታወጣው ቀለሙ ከአናት እስከ ግርጌ ተፍቆ ብረቱ አበራ። አንደኛው ጫፍ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው፤ አሥራ አንድ ተኩል ዙር አጠበቀቻቸው። ዳዶውን አሰረች፤ እንዳይላላ ኮፒሊያ የሚባለውን የሽቦ መቆለፊያ ሰክታ ጫፉን አጠፈች። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥራ ቀጥ ማለታቸውን አየች።

ዓርብ ጠዋት ኪት ሮዳ ጎማውን ወዘወዘ። ድምፅ የለም። የእጅ ባትሪውን ይዞ ከሥር ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ቅጹን አነሳ።

«የፋብሪካ ነው አይደል፣ ክላይቭ? እንደ ሁሌው ልጻፍ?»

ቬርና ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

«አይደለም» አለ ክላይቭ። «አባቴ ከፒክአፕ አውጥተው የገጠሙት ነው። በሁለት ቀን፣ ብቻቸውን።»

ኪት ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። «ታዲያ ጫፉን ማን ለየው? አደላይድ ያሉት?»

«አደላይድ ያሉትማ ሊቀብሩኝ ነበር። ቬርና ናት። እኔ ደግሞ ተሟግቻታለሁ፤ እሱንም ጻፈው።»

«ለሱ ቦታ የለውም» አለ ኪትና ስሟን ጻፈ።

እሑድ ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቀለሙን፣ ኒኬሉን፣ የክላይቭን ባርኔጣ ያያል። ቬርና ከመታጠፊያው ጥግ ቆማለች፤ እዚያ ነው መሪ የሚታወቀው። ኦስቲኗ መጣች፣ ዞረች፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ታጠፉ፣ እኩል ተመለሱ። ቬርና የምታየው እነሱን ብቻ ነበር።