ቀበሮው የት ነው የሚኖረው?

ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና በምትገነባበት ጊዜ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ የቪዲዮ ካሴት እያባዛሁ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን አደን የሚባሉ አዛውንት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ፊልም ይዘውልኝ መጡ። ድሮ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ፊልሙ የቆየ ካርቱን ነው፤ አንድ ቀበሮ ዳክዬዎች ሲያሳድድ ይውላል።

አቧራውን በጥጥ ጠረግን፣ የተበጠሰውን ቀጠልን፣ በተዋስናት አሮጌ ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳየን በቪዲዮ ካሜራ ቀዳነው። ሥዕሉ ደህና ወጣ፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል።

"ለድምፁ አትጨነቅ። ያኔም ለተመልካቹ በሶማሊኛ የምናገርለት እኔ ነበርኩ" አሉኝ። ማይክሮፎን ሰጠኋቸው። ቀበሮውንም ዳክዬዎቹንም ብቻቸውን ሆኑልኝ።

ካሴቱ በየሰፈሩ ተሸጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ መጥተው ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ጅጅጋ በስደት ሳሉ በለመዱት አማርኛ፣ "ቀበሮው የት ነው የሚኖረው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እናቴ፣ ካርቱን እኮ ነው። በእጅ የተሳለ ነው" አልኳቸው።

"መሳሉን አውቃለሁ" አሉኝ ረጋ ብለው። "ልጆች ሳለን ልክ በዚህ ድምፅ እያላዘነ ነበር የሚያስፈራራኝ። ሲኒማ ቤቱ በጦርነቱ ሲመታ አብሮ ሞተ ብለን አልቅሰንለታል። ወንድሜ ነው።"