በሁዳዴ የተጫነ ወተት

ኮረም፣ ሰኞ ጠዋት

በ1966 ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከኮረም ወደ ዋግ ተነሣሁ። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮናችን አምስት በቅሎ ጭነት የዱቄት ወተት ሰጥቶ እኔን፣ የክሊኒኩን ድሬሰር፣ «አድርስ» አለኝ። ኃላፊያችን ሲስተር ማርታ ስትሸኘኝ «ጾም ከአፍህ ተርፎ ለድሀ ሲደርስ ነው ጾም የሚባለው» አለችኝ። እኔ እንኳ ለምክር ብዙም ጆሮ የለኝም፤ ቶሎ ሄጄ ቶሎ መመለሱን ነበር የማስበው።

በቅሎ በቀን ሁለት ብር ከሃምሳ ተከራየን። ነጂው ገብሩ የዋግ አገው ነው፤ አማርኛውን ቆጥቦ ይናገራል። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ጠየቀኝ።

«የጫንነው ምንድነው?»

«የዱቄት ወተት።»

«ለማን?»

«ለተራበ ሰው ነዋ።»

የኋለኛውን በቅሎ ጭነት አጠበቀ። ቆይቶ «ታዲያ ፋሲካ እስኪደርስ የት ልታስቀምጡት ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። በሚሲዮኑ የምንጾመው እንደ ፈረንጆቹ ነበር፤ ሥጋ እንተዋለን፣ ወተትና እንቁላል እንበላለን። ለኦርቶዶክስ አገር በሁዳዴ ወተት ስንጭን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለም። ሁላችንም የተማርን ነን ባዮች ነበርን። አፈርሁ፤ ግን አልተመለስሁም።

መንገድና ሰቆጣ

ከኮረም ብርድ ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ ይበረታል። ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኗል፤ ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው በቅል ውሃ ይጨልፋሉ። በመንገድ ያገኘነው ሰው ፍየሉን በሦስት ብር እሸጣለሁ ብሎ ሲነዳ ሁለት ቀኑ ነው። «ጾም ነው፣ ማን ይገዛኛል» አለ፤ ቅሬታም አልነበረበትም።

ረቡዕ ማታ ሰቆጣ ገባን። ያደርንባት ሴት የማሽላ እንጀራ በተልባ አቀረበችልን፤ ለእራትና ለማደሪያ ሃምሳ ሳንቲም ከፈልሁ። በማግስቱ ለሕፃናት ወተት ማደል ጀመርን። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ስለማይጾም እናቶቹ ያለ ክርክር ተቀበሉ። ለራሳቸው ግን አንዷም አልቀመሰችም። ጣሳው ላይ የቀረውን እንኳ በውሃ አለቅልቀው ለልጆቻቸው አጠጡ።

ወደ ዝቋላ

ዓርብ ወደ ዋጉ ዝቋላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት መንደር ደረስን። እዚያ ዝናሽ የምትባል አራስ ቤት አስገቡኝ። ሕፃኑ የሁለት ወር ነው፤ ጡቷ ደርቋል። ለሕፃኑ ወተቱን በማንኪያ ሰጠሁት። እሷን ስመረምር ግን ያለ ምግብ ሳምንት እንደማትቆይ አወቅሁ። ወተት ጠጪ ብላት ፊቷን አዞረች።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፈው ደስ አይለኝም። ማሽላ ብቻውን ስለማያነሣት ወተቱን ከስንቃችን የማሽላ ዱቄት ጋር ደባልቄ አጥሚት አፍልቼ «የጾም ነው» ብዬ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ተፋችው፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲያ ከእጄ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለች። ውጭ የነበሩት ሴቶች «ካቶሊኩ በወተት ሊያስክደን መጣ» ሲሉ ገብሩ ሰምቶ ነገረኝ።

የነፍስ አባቷን መምሬ ወልዴን ራሴ ሄጄ ለመንኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል።

«የእናንተ ጾም ወተት ይፈቅዳል አሉ» አሉኝ እየሄድን።

«አዎ አባ።»

«ምን ትከለከላላችሁ ታዲያ?»

«ሥጋ።»

«ሥጋማ እዚህም ከጠፋ ቆየ» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ዝናሽ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሕጉ በሽተኛን ከጾም ይፈታል» አሏት።

«አልታመምሁም አባ» አለች። «ራበኝ እንጂ። ረሀብ በሽታ ከሆነማ አገሩ ሁሉ ሊገድፍ ነው።»

መምሬ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።  «እንግዲያው ጾምሽን ለእኔ ስጪኝ» አሏት። «እስካሁን በዘጠኝ ሰዓት ነበር የምቀምሰው። ከዛሬ እስከ ፋሲካ ፀሐይ ስትጠልቅ እቀምሳለሁ፤ የጨመርሁት ሰዓት የአንቺ ይሁን። አንቺ ልጅሽን አሳድጊ።»

«ይከብድዎታል።»

«ከብዶኝ ያውቃል።»

መስቀላቸውን ሳመች። አጥሚቱን ግን ከእጃቸው ነው የወሰደችው፤ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ጠጣች። ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ ትንባሆ እንደሚያጨስ ሰው ሳል ሳልሁና ወጣሁ።

በር ላይ ሦስት ነፍሰ ጡሮች ቆመዋል። ወሬው ቀድሞኛል። «ለእኛስ?» አሉ። መምሬ ዙሪያቸውን አዩ፤ የመንደሩ ሰው የራሱን ጾም መያዝ አቅቶታል። ገብሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «የአንዷን እኔ» አለ። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ብርታት አለህ?»

ከሴቶቹ አንዷ «የካቶሊክ ጾም ይደርሳል ወይ አባ?» ብላ ጠየቀች።

«ሲርበው እናያለን» አሉ።

የእሷን ወሰድሁ። ሦስተኛዋ ጥሩነሽ ቀረች። የእሷንም እወስዳለሁ ብል መምሬ እምቢ አሉ፤ አንድ ሆድ ለሁለት አይበቃም። ወተቱን መምሬ ዘንድ፣ ማሽላ ለእሷ ትቼ ስነሣ መምሬ «ሰው ከተገኘ ስሙን ላክልኝ፣ ያን ጊዜ ትጠጣለች» አሉኝ።

ኮረም፣ ቤት

ከመንደሯ በተነሣን በአራተኛው ቀን ማታ ኮረም ገባን። ሲስተር ማርታ እንቁላል ጠብሳ ከወተት ጋር አቀረበችልኝ፤ ለራሷም ይዛለች። ሳልነካው ቀረሁ።

«አመመህ?»

«አላመመኝም። የሰው ጾም ይዤ ነው።»

ሁሉንም ነገርኋት፤ የተፋችውን አጥሚት ሳልደብቅ። እውነቱን ለመናገር የራሴን ጾም ስገድፍ ኖሬያለሁ፤ በእኔና በእግዜር መካከል ነው እል ነበር። በእነዚያ አራት ቀናት ግን ገብሩ ባያየኝም እንኳ አንዲት ጉርሻ ያለ ሰዓቱ መዋጥ አልቻልሁም። እኔ ብገድፍ የምትገድፈው እሷ ነበረች።

 ሲስተር ሳህኗን በቀስታ ወደ መሃል ገፋችው።

«ያለ ሰው የቀረችው ስሟ ማን ነበር ያልኸኝ?»

«ጥሩነሽ።»

«ገብሩ በቅሎዎቹን አሳርፎ ነገ ይመለስ» አለች። «ስሜን ለመምሬ ያድርስ፤ በደረሰ ሰዓት ትጠጣ። እኔ ከአሁን ጀምሬያለሁ።»