አሥራ አንድ ቃጫ

ቦንጋ ዝናብ አጥታ አታውቅም፤ ቧንቧዋ ግን ይደርቃል። ሰማዩ እያፈሰሰ እኛ ውሃ በፈረቃ እንጠብቃለን። የእኔም እንጀራ ከዚሁ ነው፤ የአንድ ባለአራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ቧንቧ በየወሩ አያለሁ። ጣሪያው ላይ ያለውን ታንከር አጥባለሁ፣ የላላውን አጠብቃለሁ፣ ያረጀውን ጎማ እቀይራለሁ። "እኔ የነካሁት ቧንቧ አያፈስም" እያልኩ ጉራዬን የምነዛ ሰው ነበርኩ። ምን ዋጋ አለው!

በዚያ ሥራ አብረውኝ የሚውሉት የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከማንኪራ መንደር የመጡ ሴት ናቸው። ከተማ ቤት የተከራዩት አንዲት ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንድትጨርስ ብለው ነው። "እሷ ብቻ ትጨርስልኝ እንጂ እኔ ወለል ስወለውል ብሞት ምን ቸገረኝ" ይሉ ነበር። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ወንድሜ ይሉኛል። መጤ ስለሆንኩ የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን ለመናገር ስሞክር በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ታንከር ሲታጠብ ያለው ውሃ ወርዶ እንዲያልቅ የየፎቁ ቧንቧ ሁሉ ይከፈታል። ውሃው ካለቀ በኋላ ግን የትኛው ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ በዓይን አይለይም። መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከአገራቸው የእንሰት ቃጫ አምጥተው ቆራረጡልኝ። በከፈትኩት ቧንቧ ሁሉ አንዳንድ አስራለሁ፤ ስዘጋ ፈትቼ እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ይቆጥራሉ። አሥራ ሁለት ወጥቶ አሥራ ሁለት ከተመለሰ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ሺሺንዳ ከተማ ሌላ ሥራ ይዤ ስለነበር መኪና ሊያመልጠኝ ሆነ። የፈታሁትን ቃጫ አስታቅፌያቸው ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ተጣሩ።

"ወንድሜ፣ አሥራ አንድ ነው!"

"አንዱ ወድቆ ይሆናላ፣ እትዬ!"

"ቢሮዎቹን ክፈትልኝና ልየው።"

"ኧረ እንዳይነኩብኝ! ውሃ በሌለበት እኔ የዘጋሁትን ከፍተው ሊተዉት ነው? ባለሙያው እኔ ነኝ እርስዎ?"

ይህን አፌን! ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቼ፣ "ሁሉም ተዘግቷል፣ ማንም እንዳይገባ" ብዬ በረርኩ።

እሑድ ውሃ መጣ። ታንከሩ ሞላ። አንደኛ ፎቅ ባለ አንድ ቢሮ ክፍት የቀረው ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ሲፈስ ዋለ፤ የሲንኩን መውረጃ ደግሞ ከታንከሩ የወረደ ጭቃ ደፍኖት ነበር። ሰኞ ጠዋት ተጠርቼ ስደርስ ከሥሩ ያለው የጨርቅ ሱቅ ኮርኒስ ወድቆ ጣቃው ሁሉ በውሃ ርሷል። ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብዬ ከሁሉ ቀድሜ ሮጬ ወጣሁ። ቃጫው ቧንቧው ላይ እንደታሰረ ነው። ሰው ሳያየኝ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

የሕንፃው ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበንና እትዬ ላይ ጮኸ።

"ቅዳሜ ቢሮው ሳይቆለፍ ውሃ መጣ አልመጣ ብለሽ ከፍተሽ ትተሽው ነው አይደል? ከአንቺ በቀር ማን ያደርገዋል?"

"እኔ አልከፈትኩም፣ ጌታዬ" አሉና ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ስሜ ይጠፋል፣ በዚህ ከተማ የሚያሠራኝ አላገኝም ብዬ ፈራሁ። ጎንበስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ መፍቻ የምፈልግ መሰልኩ። ባለቤቱ "ከዛሬ ጀምሮ እንዳላይሽ" አላቸው። ሰማያዊ ጋዋናቸውን አውልቀው አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና ወጡ። የቤት ኪራይ ስላቃታቸው በሳምንቱ ልጃቸውን ይዘው አገራቸው መግባታቸውን ከጥበቃው ሰማሁ።

በወሩ ለሥራ ስመለስ ሌላ ሴት ተቀጥራለች። ቧንቧዎቹን ብቻዬን ስዞር እንባዬ መጣ፤ አዎ፣ አለቀስኩ። በዚያው ባለቤቱ ዘንድ ገብቼ እውነቱን ዘረገፍኩለት። ትንሽ አየኝና፣ "አሁንማ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ያለፈው አልፏል። ለባለሱቁ ግን እንዳትነግረው" አለኝ። እሳቸውን በአንድ ጠዋት ያባረረ ሰው እኔን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

በተከታዩ ሰኞ ማንኪራ ወረድኩ። በጭቃው መንገድ ሰው እየጠየቅሁ ደጃፋቸው ደረስኩ። እንደ ማንኛውም እንግዳ አስቀምጠው ማር በሳህን አቀረቡልኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

"እትዬ፣ የተውኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ልጃቸው በቅርጫት ቀይ ቡና ተሸክማ ገባች። ቀኑ የትምህርት ቀን ነው። የዩኒፎርም ቀሚሷን ለለቀማ ለብሳዋለች፤ ጫፉ በቁጥቋጦ ተቀዳዷል። በትህትና ሰላም ብላኝ ወደ ጓሮ አለፈች።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም? ምናለ አንድ ቃል እንኳ ቢሉ!" አልኳቸው፤ ጥፋቴን መልሼ በእሳቸው ልጭን ይመስል።

"አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ፣ ወንድሜ" አሉኝ። "እስከ በሩ ድረስ ቀስ ብዬ የሄድኩትም ለዚያው ነበር።"