ለመጻሕፍቴ የተሾሙት ዳኛ

ሊወስዱኝ የመጡት በቅዳሜ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሱቄ ወረታ ውስጥ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ብዙ ሳይርቅ፣ በአንድ ጎማ ጠጋኝና በአንድ ጨው ቤት መካከል ነው። መጽሐፍ አከራያለሁ። ወታደሮች ሦስት ሆነው ገቡና መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "ሁሉም ያንቺ ነው?" አሉኝ። "የአባቴና የኔ ነው" አልኩ። ማዳበሪያ ጆንያ አምጥተው መጻሕፍቱን እንደ ድንች ሲያጉሯቸው ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጀርባቸው ይሰበራል፣ ቀስ በሉ።" ለራሴ ሳልለምን ለመጽሐፍ መለመኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ግማሾቹን አባቴ በወጣትነቱ፣ ቤት ለቤት ፍተሻ በነበረበት ዘመን፣ ጎተራ ሥር ቀብሮ ያተረፋቸው ናቸው። ስለ ላብ አደርና ስለ አብዮት የሚያወሩ፣ አሁንም ሲገልጧቸው አፈር አፈር የሚሉ። የቀሩትን የሰበሰብኩ እኔ ነኝ፤ ስለ ማንነት፣ ጦርነት አልፎ ስለሚተወው ነገር፣ ሃይማኖትና ሳይንስ ስለሚከራከሩበት። ደህና ጊዜ ሳለ ተማሪዎች እየተሻሙ ነበር የሚከራዩዋቸው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰው መጽሐፍ ሲይዝ ሽፋኑን ወደ ደረቱ ማዞር ጀመረ።

የታሰርኩበት ቤት እስር ቤት አልነበረም፤ የሩዝ መፈልፈያ መጋዘን ነው። የከተማው እስር ቤት ስለሞላ ሴቶችን እዚያ ያስገቡ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የገለባ ብናኝ ነው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አንገት ያሳክካል። ከላይ ካለችው ባለ ሽቦ መስኮት ደግሞ ጭስ ይገባል፤ ግቢው ውስጥ የተከመረው የሩዝ ገለባ አንዴ እሳት ከያዘ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ይሰነብታል።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የሩዝ ነጋዴ ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ ቀይ ሻሽ የጠመጠመች።

"አንቺ ደግሞ ምን አርገሽ መጣሽ?" አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

"መጽሐፍ አከራይቼ።"

"ውይ! እሱም ያሳስራል እንዴ? እኔን እንኳ ባልሽን አምጪ ብለው ነው። ኧረ በጦርነቱ ሞቷል ብላቸው፣ ማስረጃ አምጪ አሉኝ። የት ሄጄ ላምጣ? እሱ ራሱ የት እንደወደቀ መች ነገሩኝ።" ይህን ብላ ሳቀች። ሳቋ ከምን እንደሚመጣ አልገባኝም።

ሌላዋ ከጣራ ገዳም በኩል የመጡ አረጋዊት መነኩሲት ናቸው። እማሆይ ነው የምንላቸው። ለታጠቁ ሰዎች ውሃና ዳቦ ሰጥተዋል ተብለው ነው የተያዙት። "ለተጠማ ስሰጥ ጠመንጃውን አላየሁም፣ ከንፈሩን ነው ያየሁት" ነበር መልሳቸው። ሲይዟቸው መነጽራቸው ተረግጦ ስለተሰበረ አጠገባቸው ያለውን ፊት እንኳ በጭላንጭል ነው የሚያዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ዳዊት ያስደገሙ ሰው ናቸው፤ እዚያም ጧት ጧት በቃላቸው ይደግሙ ነበር።

"ደብርሽ የት ነው ልጄ?" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

"ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተውኩ ቆየሁ፣ እማሆይ። ወንድሜ ከጦርነቱ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ።"

ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅሁ። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "መሬቱ ይቀዘቅዛል" አሉኝ።

ነገሩ የሆነው አንድ ጧት ነው። የቦታው አዛዥ ገባ። ወጣት ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከኋላው አንድ ጠባቂ ጆንያዎቹን እየጎተተ አስገባና መጻሕፍቴን ወለሉ ላይ ዘረገፋቸው።

"ይሄን ሁሉ የማነብበት ጊዜ የለኝም" አለ አዛዡ። "እማሆይ፣ እርስዎ የተማሩ፣ የሃይማኖት ሰው ነዎት። ጎጂውን ከማይጎዳው ይለዩልኝ። ጎጂው ላይ ምልክት ያድርጉበት።" ከኪሱ እስክርቢቶ አውጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። "ጎጂው እዚያ እሳት ላይ ይጣላል። ጎጂ ከተገኘባት ባለቤቲቱ ነገ በሚሄደው መኪና ወደ ካምፕ ትጫናለች። እርስዎ ሥራውን ከጨረሱልኝ ዛሬውኑ ወደ ገዳምዎ ይመለሳሉ።"

ወደ ካምፕ ተጭነው የሄዱትን ሴቶች ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን የሰማ ሰው አልነበረም። ሦስታችንም ይህን እናውቃለን። እማሆይ እንቢ እንደሚሉት ስላልተጠራጠርኩ እንኳን ልፈራ፣ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

"እሺ" አሉት።

ክው ብዬ ቀረሁ። የተያዝኩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም። ጋቢያቸውን ያካፈሉኝ ሴት ናቸው። አዛዡ ሲወጣና በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም።

"ነይ ልጄ" አሉኝ። "እኔ እንደሆን ዓይን የለኝም። አንቺ አንብቢልኝ።"

"አሄሄ!" አለች የሩዝ ነጋዴዋ። "እማሆይ፣ አንቱ ደግሞ! በገዛ አፏ ልትመሰክር ነዋ!"

አባቴ ከቀበራቸው አንዱን አነሳሁ። መሬት ስለተነጠቀው ገበሬ፣ ስለ ላቡ፣ የሱን እህል ስለሚበሉት ይላል። እየቆየ እግዜር የለም ወደሚለው ደረሰ። አነበብኩት። ምን ላድርግ፣ ድምፄ ራሱ የሰው ድምፅ ነበር የሚመስለኝ። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

"ይሄ ሰውዬ ሲጽፍ ጠግቦ ነው ተርቦ?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ እማሆይ።"

"ጠግቦ ነው። የራበው እንዲህ አያስረዝምም። ቀጥይ።"

ገጹን ገለጥኩ። መነኮሳት የድሃውን ላብ እየላሱ የሚኖሩ ጥገኞች ናቸው የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። ዓይኔ ቀድሞ አየው። የሳቸውን እግር ደግሞ አየሁ፤ ተረከዛቸው እንደ በጋ ዋልካ የተሰነጣጠቀ ነው። ፈራሁም፣ አፈርኩም፤ ዘልዬው ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ምንም አላሉም። አመለጥኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ቀጥሎ የሳይንሱ መጽሐፍ ነበር፣ የሰው ዘር ከእንስሳት መጣ የሚለው። "ሐሰት ነው" አሉ ወዲያው። ትንሽ ቆይተው ግን፣ "ከአፈር ተሠራህ ሲሉት ያልከፋው ሰው ዝንጀሮ ሲሉት ምን ያስቆጣዋል?" አሉ።

"እኔስ የባሌን ዘመዶች ሳይ አምናለሁ!" አለች የሩዝ ነጋዴዋ። ከበሩ ውጭ ጠባቂው ሲስቅ ሰማነው።

የማንነቱን መጽሐፍ አንድ ገጽ አስነብበውኝ አስቆሙኝ። "ይሄ ሁሉ 'ከየት ነሽ' ለማለት ነው? እሱንማ እዚህ በር ላይም ጠይቀውኛል።" ከጦርነት በኋላ ስለሚኖሩ ሴቶች የሚናገረውን ስጀምር ግን የሩዝ ነጋዴዋ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

"እሱ መጽሐፍ" አለች፣ "ባሏ የሞተባት ሴት ማስረጃ ከየት እንደምታመጣ ይላል?"

"አይልም" አልኳት።

"እንግዲያ ጎጂ አይደለም። ምንም አያውቅም።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ያን መጽሐፍ ዘጋሁት።

ፀሐይ ከመስኮቷ ስትሸሽ እማሆይ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። "በቃ። እስክርቢቶውን ያዢ። የመጀመሪያውን ገጽ ግለጪና የምልሽን ጻፊ" አሉኝ። በገዛ እጄ "ጎጂ" ልታስጽፈኝ ነው አልኩ። አንቱታውን በልቤ አንስቼባቸው ነበር።

"ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀ፣ በእሳት የጣለ፣ ከባለቤቱ የለየ፣ የተወገዘ ይሁን።"

እጄ ቆመ። በድሮ የብራና መጻሕፍት ላይ የምትገኝ ግዝት ናት፤ ጸሐፊው ሲጨርስ ያሰፍራታል። ወንጌል ላይ፣ ዳዊት ላይ። "እማሆይ፣ ይሄ እኮ እግዜር የለም የሚለው ነው" አልኩ።

"ሰማሁት እኮ። ደንቆሮ መሰልኩሽ?"

"ታዲያ እንዴት...?"

"ከተቃጠለ ማን መልስ ይሰጠዋል? መልስ ሳያገኝ ሊሄድ ነው እኮ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "በጦርነቱ ጊዜ የአንዲት አጥቢያ ዕቃ ቤት ሲነድ እዚያ ነበርኩ። ማን እንደለኮሰው አላውቅም። ብራና ሲቃጠል ምን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ሥጋ ሥጋ ነው የሚለው። ቆዳ ነዋ። በዐቢይ ጾም ያ ሽታ ልብሳችን ላይ ቀረ። ያን ዕለት እያንዳንዱ ምን እንደሚል አልጠየቅሁም ልጄ። እየሮጥኩ ማውጣት ብቻ ነበር። ጻፊ።"

"ገዳምዎስ? ዛሬ ይመለሳሉ ብሎዎት..."

"እኛ ቆብ ስናደርግ ለዓለም ሞታችኋል ተብሎ የሙታን ጸሎት የተደረሰልን ነን። የሞተ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?"

ጻፍኩ። የማላምንበትን ግዝት፣ በአዛዡ እስክርቢቶ፣ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ጻፍኩ። የሩዝ ነጋዴዋ ተነስታ መጣችና መጻሕፍቱን እየገለጠች ትይዝልኝ ጀመር። የጦርነቱንም መጽሐፍ እሷ ናት የያዘችልኝ።

አዛዡ ወደ ማታ ላይ ተመለሰ። አንዱን አንስቶ ገለጠ፤ አነበበ። ሌላውን ገለጠ። ሦስተኛውን ከክምሩ መሃል መዘዘ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፍርድ ነዋ" አሉ እማሆይ።

"እኔ ጎጂውን ይለዩ ነው ያልኩት።"

"ለየሁት። ጎጂው የሚያቃጥለው ነው።"

አዛዡ ድምፁን አሁንም ከፍ አላደረገም። ወደ ጠባቂው ዞሮ፣ "ወደ ጆንያው መልሳቸውና እሳቱ ላይ ጣል" አለው። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ላይ ላዩን ያለውን ገጽ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ቀና ሲል አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ጨብጦ ነበር።

"አዛዥ፣ ይቅርታዎን... እናቴ ታማብኛለች" አለ።

ማንም አልሳቀም። አዛዡ ወደ እማሆይ ተመለሰ። "ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታወግዘው?"

"እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ልጄ። ቃሉ የጥንት ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ካላመንክበት ሞክረው።"

ራሱ ጎንበስ አለ። ጥቂት መጻሕፍት ሰብስቦ ታቀፈ። በክፍት በር እሳቱ ይታያል፤ ቅርብ ነው። ቆሞ ቆሞ፣ መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሳይጥላቸው፣ አስቀመጣቸው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ይቆይ" ብሎ ወጣ። እስክርቢቶው እኔ ጋ ቀረ።

በማግስቱ መኪናው ሲነሳ ስሜን አልጠሩም። መነኩሲት ገዘተችብኝ ብሎ ለበላዮቹ የሚጽፍ አዛዥ የለም መሰለኝ። እኔና የሩዝ ነጋዴዋ ክረምቱ ሳይገባ ተለቀቅን። ጠባቂው ጆንያዎቹን በሩ ድረስ ጎትቶ፣ "እህቴ፣ በሞቴ እነዚህንም ይዘሽልን ሂጂ" ሲለኝ ቤዛ እንዳገኘ ሰው ነበር።

እማሆይን አልለቀቋቸውም። ስንቅ ይዤ በተመላለስኩ ቁጥር ከበር መለሱኝ። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሞላው፣ ሩዙ አደገ፣ ውሃው ጎደለ፣ ሩዙ ታጨደ፤ እሳቸው እዚያው መጋዘን ነበሩ። በኔ ፈንታ የከፈሉት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ዛሬ ሱቄ ተመልሶ ተከፍቷል። ተከራዮች ግዝቷን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ መጽሐፍ ሳይመልስ የሚቀር ሰው ጠፍቷል። አንድ የኮሌጅ ተማሪ፣ "አንቺ ታምኚበታለሽ?" ብሎኝ፣ "አንተ ብቻ መልስልኝ" አልኩት።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ እማሆይ ከገበያው መሃል ብቅ አሉ። ከስተዋል። በክር የታሰረ መነጽር አድርገዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ ስነሳ፣ "ተይ፣ ሰው ያየናል። ያንን የጠገበውን ሰውዬ አምጪልኝ" አሉኝ። ይዘውት ሄዱ፤ ከዐቢይ ጾም በኋላ በሰው ላኩልኝ።

ያን መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ አላከራየውም። ኅዳጉ ሁሉ በደቃቅ ጽሕፈታቸው ተሞልቷል። "ሐሰት።" "ይሄስ ደግ ነገር ነው።" "ይህን ከማን ሰማህ?" እየገለጥኩ እየሳቅሁ፣ መነኮሳትን ጥገኞች ወደሚለው ገጽ ደረስኩ። ከዓረፍተ ነገሩ ጎን እንዲህ ብለዋል፦

"ልጄ፣ ይቺን ዘለሻታል። ብታነቢያትም ፍርዴ ያው ነበር።"